ስድስተኛው ቁልፍ

ወረቀት አንግቤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር፣
ከላይብረሪው መስኮት እስከ ስፖርት ስቶር፣
አሥራ አንድ ፊርማ፣ አሥራ አንድ ማኅተም
ለቅሜ አበቃሁ፤ አንድ መስኮት ብቻ እምቢ አለኝ ለማተም።

«ዶርሙ የስድስት ሰው፣ ቁልፉም ስድስት፤
የመለሳችሁት ግን ይኸውና አምስት»
አሉኝ እትዬ ደብሪቱ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣
እንደ አስታራቂ ሽማግሌ መዝገባቸውን ዘርግተው።

ስድስተኛው የት እንዳለ አውቃለሁ።
«ልፈልግ» ብዬ ወጣሁ።

ፍሬሽ ሆነን ስንመጣ፣ በፖሊ በር ስንገባ፣
ሦስት ድርብ አልጋ ነበር፣ አንድ መስኮት፣ ሌሊት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ።
ኦባንግ ከጋምቤላ፣ ገመዳ ከጊኒር፣
ሱልጣን ከአሳይታ፣ በባሕር ዳር ሙቀት ጃኬት ደርቦ የሚያድር፣
ዳንጊሶ ከሐዋሳ፣ «ጣና ይበልጣል» ካልነው ሌሊቱን የሚከራከር፣
እኔ ከደሴ፤
አንሙት ከደንበጫ፣ ሙሉ ጆንያ በሶ በትከሻው ተሸክሞ፣
«ካፌው ቢከዳችሁ እኔ አለሁ» የሚል፣ ሳቁ ከእሱ ቀድሞ።

መብራት በጠፋ ሌሊት፣ በሞባይል ብርሃን ስንቸክል፣
በሶውን በጥብጦ ያድለናል፣ በአንድ ኩባያ፣ እኩል በእኩል።
«የጠጣ ይለፍ!» ይላል። ስድስታችንም እንጠጣለን።
ያለፍነው አምስት ነን።

ፔዳን የገጠምን ዕለት፣ አንድ ባጃጅ ላይ ተደራርበን፣
ሾፌሩን ሳይቀር «ፖሊ! ፖሊ!» አስብለን
ሄደን፣ ሁለት ለባዶ ተሸንፈን፣
አንገት ደፍተን በእግር ስንመለስ፣
አንሙት ብቻ ይጨፍር ነበር፣ ድምፁ ተዘግቶ እስኪጨረስ።
«የተሸነፉት አሥራ አንድ ልጆች ናቸው፤
ግቢው መቼ ተጫወተና?» ብሎን አረፈው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ሊገባ ሲል፣
ውጤት ተለጠፈ፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው ዝርዝሩ የሚል።
ከላይ ወደ ታች በጣቴ፣ ከታች ወደ ላይ ፈለግሁ፤
ዝናብ ያጠፋው መስሎኝ ወረቀቱን ጠረግሁ።
ሲነጋ አልጋው ባዶ ነው። በሶውን ትቶልናል።
ቁልፉን ይዞ ሄዷል።

ሐይቁ ዳር ወረድኩ። እዚያው ነው፤ ከጀልባው ጎን ተንበርክኳል፣
ከሞተሩ ምላጭ ላይ እምቦጭ ይነቅላል።
የዚያ ጨዋታ ቀን ካናቴራ ጀርባው ላይ ነጥቷል፣
ከ«ፖሊ» ላይ «ፖ» ብቻ ቀርቷል።
ወደ ዘጌ ለሚሻገሩ እንግዶች፣ ጣቱን ከዛፎቹ በላይ ቀስሮ፣
«ያ የውሃ ታንከር ይታያችኋል? የእኛ ግቢ ነው» አለ፣ ደረቱ ተወጥሮ።

የእኛ።

እኔ ተመራቂው፣ ኮስት ሼሪንጌን እየቆጠርኩ፣
አምስት ዓመት ሙሉ «ካፌያቸው»፣ «ውሃቸው»፣ «ግቢያቸው» ስል ኖርኩ።

ቁልፉ አለ። ከሞተሩ ቁልፍ ጋር፣ በአንድ ሲባጎ፣
ከጫፉ የቡሽ ቁራጭ ተንጠልጥሎ።
«ክሊራንስ ይዞኝ ነው፣ አንሙት» ስለው ዝም ብሎ አየኝ፤
ቡሹን በመዳፉ መዘነና ፈገግ አለልኝ።
«ቡሽ ያሰረ ቁልፍ፣ ወንድሜ፣
ቢወድቅም አይሰጥም።»

የትኛውን እንዳለ አልጠየቅሁትም።
ማዕበል መጥቶ ጀልባዋን ነካ አድርጎ ተመለሰ፤
እንግዶቹ «እንሂድ» አሉ፤ እሱም ሞተሩን ቀሰቀሰ።

እትዬ ደብሪቱ ካልኩላቸው መዝገብ ላይ ናቸው።
«ተገኘ?»
«ሐይቅ ገብቷል» አልኳቸው።

መቶ ሃምሳ ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ጻፉልኝ፣
«ጠፍቷል» በሚለው ረድፍ ላይ አስፈረሙኝ።
ከዚያ ማኅተሙን አንስተው፣ ሁለቴ እፍ ብለውበት፣
ቀና ሳይሉ፣ «የደንበጫው ልጅ ደኅና ነው?» አሉና
መቱት።