ተከሳሿ ባጃጅ

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ በር ቆሜአለሁ፣
የተያዘ ንብረት ቆጥሬ አድራለሁ።
ድንጋይ ሆኖ የቀረ ሲሚንቶ፣ ስድስት ከረጢት፣
አይሱዙ፣ ጄኔሬተር፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ስፌት።
የጋሪ ፈረስም ነበረ። አምና ሲሞት
በቃለ ጉባኤ ተፈራርመን ቀበርነው፤
ጋሪው ግን እስካሁን ክርክር ላይ ነው።

ከቀትር በኋላ የአዳማ ነፋስ አፈሩን ሲያነሳ
ቀዩም ሰማያዊውም መልኩን እየረሳ
አንድ አመድማ መንጋ ይሆናል ግቢው ሙሉ፣
"ማነው ባለቤትህ?" ቢሉት የማይመልስ ሁሉ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ድንቂቱ ትመጣለች፣
በሻሿ ጫፍ መስታወት ትወለውላለች፤
"እንዴት አደረች?" ትለኛለች፣ እንደታመመ ሰው።
ምን ልበላት? ጎማውን ፀሐይ ሰነጠቀው፣
ባትሪውን አንድ ሌሊት አንድ እጅ ወሰደው።
(የእኔ ተራ አልነበረም። ይህንንም ጽፌያለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው።
ሐሙስ ማታ፣ በፍራንኮ በኩል፣ መንገዱ ጭር ሲል
ገመዳ ሰው ጫነ፣ "መናኸሪያ" የሚል፤
ፖሊስ ሲያስቆማቸው ሰውየው ተሰወረ፣
ጆንያው ከወንበር ሥር ተወሽቆ ቀረ፤
ሲፈታ፣ ሲራገፍ፣ ኮንትሮባንድ ነበረ።
ገመዳ ሦስት ሌሊት ታስሮ ተፈታ፣
ቀበቶውን ታጥቆ በእግሩ ቤቱ ገባ ማታ።
ድንቂቱን የከሰሰ፣ የጠየቀ የለም፤
የታሰረችው ባጃጇ ናት፤ እሷ አልተፈታችም።

ወረቀቱን በዓይኔ አይቻለሁ።
ከሳሽ፦ ዐቃቤ ሕግ።
ተከሳሽ፦ ባለ ሦስት እግር፣ ሰማያዊ፣ የግራ መብራቷ የተሰበረ።
መጀመሪያ ሳቅሁ።
ባጃጅ በየትኛው እጇ መጽሐፍ መትታ ትምላለች?
በየትኛው አፏ "አላወቅሁም" ትላለች?
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፣
እዚህ ግን ዳውላው ራሱ ጠበቃ አቁም ተባለ።

ድንቂቱን "አለማወቅሽን አስረጂ" አሏት።
አለማወቅ ደረሰኝ አለው? ማኅተም አለበት?
የእቁቡን ደብተር አመጣች፣ ጠርዙ የተበላ፣
የአሥራ አንድ ዓመት ቲማቲም፣ ሳጥን በሳጥን ኋላ።
ጸሐፊው ገልጦ፣ ገልጦ፣ መለሰላት፦
"ይህ የብርሽን ምንጭ እንጂ ልብሽን አያሳይም" አላት።

አሁን የማልወደውን ልናገር።
ሐራጅ ሲወጣ ከብሩ ለያዘው ክፍል ድርሻ አለ፤
ይህ የለበስኩት ካፖርት፣ ብርድ ያስጣለኝ፣
ይህ የእጅ ባትሪ፣ ሌሊት የሚመራኝ፣
ከማን ፍሪጅ፣ ከማን ጋሪ ተቆርሶ እንደ ደረሰኝ
እኔ አላውቅም።
እስቲ እኔም አለማወቄን ላስረዳ።

ባለፈው ወር ከክልሉ መጡ፣ አዳራሽ ሞላ፣
ረቂቅ ሕግ አነበቡ፣ ሃይላንድ ውሃ ታደለ።
ሰው ሳይፈረድበት ዕቃው እንዳይወረስ፣
የማስረዳት ሸክም ወደ ከሳሹ እንዲመለስ፣
የሐራጁም ብር ለያዡ መሆኑ ቀርቶ
እንዲቀመጥ በግምጃ ቤት ገብቶ።
አንድ ባለ ከረባት ተነሣ፤ "ሌባ ይደሰታል" አለ፣
"ሀብቱን በእህቱ ስም፣ በአክስቱ ስም እያዛወረ።"
እውነቱን ነው፤ ሁለት ሲኖትራክ እንደዚያ አውቃለሁ።
ግን እጄን አወጣሁ፤ ማይኩ ሲደርሰኝ ጉሮሮዬ ደረቀ፣
ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ላይ ራቀ፣
"ፈረሱን እኔ ነኝ የቀበርኩት" አልኩ፤
"ነገ መልስ ብባል ለማን፣ ምኑን ልመልስ?"
"አስተያየቱ ተመዝግቧል" አሉኝ። ተቀመጥኩ።

በዚህ ማክሰኞ ድንቂቱ "ለኋላውም ይሠራል?" አለችኝ።
አላውቅም አልኳት። መመሪያው አይፈቅድም፣
ግን ሰንሰለቱን አነሣሁላት።
ገብታ በሾፌሩ ወንበር ተቀመጠች፣
መሪውን ጨብጣ የትም አልሄደች።
ሸራው በተቀደደበት፣ ዝናብ በገባበት፣
ከወለሉ አፈር መሐል፣ ከፔዳሉ ሥር፣
አንድ የቲማቲም ቡቃያ፣ ሁለት ቅጠል ያለው።
"ይህስ?" አለች፣ "ይህስ የማን ነው?"

መዝገቡን ገለጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ።
"የተያዘ ዕቃ ዓይነት" በሚለው ረድፍ ላይ
ብዕሬ ቆመ።
ዘጋሁትና
ጆጉን ይዤ ወደ ቧንቧው ሄድኩ።