ከፊል

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ጎማ ቤቶቹን አልፎ
አሮጌ የቴምር መጋዘን፣ ቀለሙ ከግድግዳው ረግፎ፤
አምስት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሰሌዳ፤
ጀግና የሚሠራው እዚህ ነው፣ ከበር ብየዳ ቤት ጓዳ።

ሻለቃ ኸልፋን ገባ፣ በብብቱ አምስት ፋይል፣
«ከዛሬ ጀምሮ» አለን፣ «እናንተ የመንግሥት ኃይል።»
ላቡን በሻሹ ጠረገ፤ ማቀዝቀዣው አልሠራም፤
የዚህ አገር ነሐሴ ተአምር ላለውም አይራራም።

ቢጁ የኬረላ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣
የተላጠ ሽቦ ጨብጦ እንደ ሕፃን የሚተኛ፤
ዳድ ከሪም ባሉቹው፣ የወደቡ ወዛደር፣
ኮንቴይነር ተሸክሞ እያፏጨ የሚያድር፤
ማሪቴስ ፊሊፒናዊት፣ የሰው ልጅ አሳዳጊ፣
ሰባት ግድግዳ ዘልቃ የልብ ምት ፈላጊ፤
ሙባረክ ብቻ ያገሬው ልጅ፣ አያቱ ሉል ጠላቂ፣
እሱ ግን ባሕር ሥር አድሮ ማለዳ ብቅ ባይ፣ ሣቂ።

አምስተኛዋ እኔ።
ሙሉነሽ፣ የወረኢሉ ልጅ፤ በፓስፖርቴ ጀሚላ፤
ከአምስተኛ ፎቅ መስኮት ወጥታ
በአየር ላይ የቀረች ተንጠልጥላ።

ቅጹ አሥራ ሁለት ገጽ ነው።
በስንት ሜትር ላይ ቆምሽ? ነፋሱ ከየት መጣ?
ቁርስ በልተሽ ነበር ወይ? ቀን ነበር ወይስ ማታ?
ልብሽ በደቂቃ ስንቴ መታ?
ሁሉንም መለስሁ፣ ፈረምሁ።
ወረቀቱን ገልብጬ ከጀርባው ሳይቀር ፈለግሁ፤
«መስኮቱ ጋ ምን አደረሰሽ?» የሚል
አንድ መስመር አጣሁ።

ሥልጠናው መውደቅ ነው።
ወገቤን በገመድ አስረው ከክሬን ጫፍ ይለቁኛል።
ሰቅር ብለው ሰየሙኝ፣ የአደን ጭልፊት ማለት ነው።
የሻለቃው አጎት አንዲት አለችው፤
ዓይኗ በቆዳ ቆብ ተከድኖ፣ እግሯ በጠፍር ታስሮ
ክንዱ ላይ ቁጭ ትላለች።
ሲፈታት ትበራለች፣ ሥጋ ሲያሳያት ትመለሳለች።
እኔ ግን መብረሩም እንቢ አለኝ።
ሰኞ ወደቅሁ። ማክሰኞም። ረቡዕ መረቡ ጉልበቴን ላጠኝ።
ሻለቃው ሰዓቱን እያየ፣ «ያን ቀን እንዴት ቻልሽ?» ይላል።

ማታ ማሪቴስ አጠገቤ ተቀመጠች፤
ሩዟን እያማሰለች፣ ሳታየኝ፣
«ልብሽ እዚህ ሲመታ ሰማሁት» አለች፣
«ያን ቀን ግን እንዲህ አልነበረም።
ከኋላሽ ማን ነበር?»
አልመለስሁላትም።
በማግሥቱ ከክሬኑ ሲለቁኝ ግን አሰብሁት፤
በኮሪደሩ የሚመጣ የነጠላ ጫማ ድምፅ፣
ጠፕ፣ ጠፕ፣ ጠፕ፤
ቁልፍ የሌለው የጓዳ በር።
አየሩ ጠነከረ። ቆምሁ።
አጨበጨቡ። ሻለቃው «ተሳክቷል» ብሎ ጻፈ።

ደመወዜ ጨመረ። አዲስ መታወቂያ ወጣልኝ፤
«ከፊል» ከሚለው ፊት ለፊት መንግሥት ተጽፏል።
ፓስፖርቴስ? ካዝና ውስጥ ነው፣ ለደኅንነትሽ።
ልዕለ ሰው ነሽ ይሉኛል፤
ልዕለ ሰውም እዚህ አገር ያለ ከፊል አይኖርም።
«በኛ ቋንቋ» አልሁት ሻለቃውን፣ «ከፊል ማለት
ሙሉ ያልሆነ ነው።»
«ቆንጆ ቃል ነው» አለኝ። ማስታወሻው ላይ አሰፈረው።

በስድስተኛው ሳምንት የሌሊት ልምምድ፣ ከኾሩ ዳር።
ከታች የቆሙ ጀልባዎች፣ ከላይ እኔ፣
መሐላችን ሃምሳ ሜትር ገመድ።
መስኮት እንዲህ ብዙ መሆኑን ከላይ ያላየ አያውቅም።
በጆሮዬ የማሪቴስ ድምፅ መጣ፦
«ቢጫው ሕንፃ። የማድ ቤቱ በኩል። ያንቺን ልብ ሰማሁ፣
አንቺ ግን አይደለሽም።»
ገመዱ ሃምሳ ሜትር ነው፤ ሕንፃው ከዚያ ያልፋል።
ትእዛዝ ያልሰጠ ሻለቃ ከታች ሲጮህ
የመንገዱ መብራት ጠፋ፣ ቢጁ ጠጥቶት ነው።
ዳድ ከሪም የያዘውን ገመድ ለቀቀ፤
አስነጥሶኝ ነው ብሎ ነገ ሪፖርት ይጽፋል።

መስኮቱ ክፍት ነው።
አንድ እግር ወጥቷል፣ ባዶ እግር፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ።
እጄን ዘረጋሁ።
«ስምሽ ማነው?» አልኋት፣
«የፓስፖርቱን ተዪው፤ እናትሽ ያወጣችልሽን።»