የመርፌዋ ውሸት

ፀሐይ በማትጠልቅበት፣ በሰሜን ጫፍ አገር፣
ኢናሪ ሐይቅ ዳር፣ ከጥዱ ጫካ ሥር፣
ጀልባችን ተኝቷል እንደ ባዶ ስልቻ፣
ተጣጥፎ የከረመ ዘጠኝ ወር ለብቻ።
ገና ስንዘረጋው ሸተተን ያምናው ዓሣ፣
ያምናው ነገርም አብሮ ከእጥፋቱ ተነሣ።

ያምናው ነገር እንዲህ ነው፦

አጎቴ ኦውላ ነበር፣ በማለዳው ብርድ፣
«መለኪያ ለሰነፍ ነው፣ አውራ ጣት ይፍረድ»
እያለ፣ ጎማው እንደ ከበሮ እስኪጮህ ድረስ
ፓምፑን ረገጠው፤ ማን ይበለው ተመለስ።
ጀልባው ተነፋ፤ ደረቱም አብሮ ተነፋ፤
ከዚያ ዓለቱ ላይ ትቶት ለቁርስ ጠፋ።

ብርድ የጨበጠውን ፀሐይ ይፈታዋል፤
አየር ሲሞቅ ደግሞ ቤቱ ይጠበዋል።
እኩለ ቀን ሲሆን
«ጧ!» አለ ስፌቱ፣ እንደ ጠመንጃ ጥይት፤
አጋዘኑ በረገገ፤ እኔም ሳቅሁ በድንገት።
እሱ ግን አልሳቀም። «የፋብሪካ ጉድ ነው፣
ሙጫው ነው የከዳን፣ ስፌቱ ስስ ነው»
አለ። የበረዶውን ወራት ይህንኑ አለ፣
የሐይቁን ጀርባ በስቶ መረብ እየጣለ።

ዘንድሮ ግን ፓምፑን ሂልያ አክስቴ ያዘች።
ስፌቱን የጠገነችው እሷው ናት፣ በመጋቢት፣
በአሸዋ ወረቀት ፍቃ፣ ሙጫ ቀብታ ሌሊት ሌሊት።
ያመመው ጉልበቷን ደግፋ አወጣች ከኪሷ
ዳሩ የተበላ ቢጫ ወረቀት፦
«ሩብ ባር» ይላል ሆዱ፣ ሌላው ቃል ጠፍቶበት።

«አንዱን ክፍል ብቻ እስኪጠግብ አትሙዪ፤
ለሁሉም ግማሽ ግማሽ፣ ከዚያ ዙሪያውን እዪ።
በመሃል ያለችው ያች ስስ ሸራ
ጎረቤት ሲያብጥባት ታያለች መከራ።»

ፉሽ… ፉሽ… ይላል ፓምፑ።
መለኪያዋን ሰካች፤ መርፌዋ ተነሣች፣
ሩብ ላይ ደረሰች፣ ሩብንም አለፈች።
ዓለት ላይ ተቀምጦ ቢላውን የሳለ
አጎቴ ብድግ ብሎ «አለፍሽው!» አለ፤
«ሩብ ነው የሚለው፣ እዪው ወረቀቱን፣
ስታነቢብኝ የከረምሽውን ድፍን ዓመቱን!»

መልስ አልሰጠችውም።
መለኪያዋን ነቅላ ዘረጋች መዳፏን፤
አሳየችው መርፌዋ ከዜሮ ማለፏን፣
ምንም ሳትለካ፣ በባዶ አየር ላይ
አንድ ጭረት ዋሽታ ስትቆም በፀሐይ።

«ትዋሻለች» አለች፣ «ከገዛኋት ወዲህ፤
አንድ ጭረት ብቻ፣ ሁልጊዜ እንዲህ እንዲህ።
ውሸቷን አውቃለሁ፣ ቀንሼ አነባለሁ፤
ያንተን አውራ ጣት ግን በምን አርመዋለሁ?
ሲበርደው አንድ ነገር፣ ሲሞቀው አንድ ነገር፣
ሲኮራ ደግሞ ሌላ ሲናገር።»

ዝም አለ።
ሁለት ዳክዬዎች ውሃውን ሰንጥቀው ሄዱ።

ጀልባውን ተሸክመን ውሃው ላይ አኖርነው፤
ሐይቁ በረዶ ከጣለ ሦስት ሳምንቱ ነው።
ቅድም እንደ ግንባር ጠንክሮ የነበር
እንደ ጉንጭ ለሰለሰ፣ ውሃ ሲያቅፈው ከሥር።
እኔ «ተነፈሰ!» ብዬ ጮህኩ ደንግጬ።
«የለም» አለች ሂልያ፣ «አየሩ ከውስጡ ነው፤
ብርዱ ነው ሰብስቦ ጭብጥ ያደረገው።»

ይሄኔ አጎቴ ጎንበስ አለ። አውራ ጣቱን አርጥቦ
ጎኑ ላይ ጫን አደረገ፣ ዐይኑን ከእኛ ሰብስቦ።
«ሁለት ርግጫ» አለ።
ረገጥኩ፣ አንድ፣ ሁለት። ሂልያ ለካች፣ ቀነሰች፤
ሩብ። ልክ ሩብ። ጣቱን አየች፣ ምንም አላለች።

ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ውሃ ውሃውን እያየ፣
«ሙጫው አልነበረም» አለና፣ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ።
«ዐምና… እኔው ነኝ።»
ጀልባው አልነበረም፣ አጎቴ ተነፈሰ፤
ዓመት ያመቀው አየር በአፍንጫው ፈሰሰ።

ሂልያ መረቡን አቀበለችው፣
እርጥቡን፣ ከነቋጠሮው።
ክዳኑን ስጠመዝዝ ወደ እኔ ዞር ብላ፦
«አይላ፣ ቀትር ላይ ዓለቱ ላይ ካወጣሽው
አንድ ጭረት ያህል ማስተንፈስ እንዳትረሺው።»