ፈገግታ፣ ገጽ አራት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሚያዝያ ነው ወሩ፣
ኺኾን ላይ ይዘንባል፤ አንድ ሆነዋል ባሕሩና ዳሩ።
ኖኤሊያ፣ አለቃችን፣ ቁልፎቿ ሲንጫጩ
ደብተር ሰጠችኝ፣ ጠርዞቹ የተላጩ።
«ገጽ አራትን» አለች፣ «ሌላውን ተዪው።»
ገጽ አራት እንዲህ ይላል፦
«ደንበኛ ሲመጣ፣ ፈገግ ብለሽ ቅረቢው።»

ቅረቢው!
ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፎ፣
ሁለት ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ እንደ ድንበር ተጽፎ።
ፈገግ በዪ!
አፌ በሰማያዊ ጨርቅ ታፍኖ፣
ትንፋሼ መነጽሬን በጉም ከድኖ።
ለካ ደብተሩ የታተመው
አፍ ሁሉ በአደባባይ ሲውል ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤
እናቴን ሆቴሉ ቤት ሰደዳት፤ እኔ የሁሉን ተማርኩ ዋጋ፦
የሽንኩርቱን፣ የዱቄቱን፣ የቆርቆሮ ባቄላውን፣
ማሽኑ «ጢጥ» ሲል የሚለውን።
የኔ የሰዓት ዋጋ ውሉ ላይ ነው፣ ከታች፣ በደቃቃ ፊደል፤
ማሽኑ ቢያነበውም «ጢጥ» አይል።

በሁለተኛው ሳምንት ሶፍቱ አለቀ፤
ባለ አረንጓዴ ካፖርቱ ሰውዬ በጩኸት አደቀቀኝ፣ ራሱም ላብ አጠመቀ።
«ለአንድ ሰው አንድ ነው» ብለው፣ ጋሪውን ገፍቶ
ሌባ እንደያዘ ሰው ጣቱን ወደ ግንባሬ ዘርግቶ።
በዚያው ማታ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ወደ ቤት ስሄድ፣
ሰፈሩ በየሰገነቱ ወጥቶ ሲያጨበጭብ፣ ድስቱ ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያብድ፣
አየሁት፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ
እጁ እስኪቀላ ያጨበጭባል፣ ከሁሉ ቀድሞ።
ጀግኖች ይለናል።
በማግስቱ መጣ። እርሾ የለም ስለው ሰደበኝ።

ዶን ኤውሎኺዮ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ይገዛል።
ሰኞ አንድ ሎሚ። ማክሰኞ ክብሪት።
ረቡዕ የድመት ምግብ (ድመት የለውም)።
ሳንቲሙን በጓንት እጁ፣ አንድ ባንድ ሲቆጥር
ከኋላው ሰልፉ እስከ በሩ ሲወጠር፣
አላጣደፍኩትም።
የሚሸምተው ምን እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ፤
አንድ «እንደምን አደሩ» ነው፣ መደርደሪያ ላይ የማይገኝ።

ከጎኔ፣ ከመስታወቱ ማዶ፣ ፔላዮ አለ፤
ዓይኑ ብቻ። ዓይኑና ቅንድቡ።
ሰው ሲጮኽብኝ ግራ ቅንድቡን ያነሣል፣
«አይዞሽ» እንደማለት፤ ያኔ ይቀለኛል ቀልቡ ከልቡ።
ሦስት ወር ሙሉ፣ የጎደለውን እኔ ሠራሁለት፤
ቀጭን ከንፈር፣ ረዘም ያለ አገጭ፣
ጉንጩ ላይም ስርጉድ ጨመርኩለት፣
ማንም ሳይከፍለኝ፣ በትርፍ ሰዓት።

ሰኔ ላይ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠን፣
ዳቦና አይብ ይዘን፣ በደንቡ ተራርቀን፣
ጭምብሉን አወረደ።

ማን ነው ይኼ?
ወፍራም ከንፈር፣ ጥርሱ አንዱ ባንዱ የተደረበ፣
ጢሙ እዚህም እዚያም፣ ወሬ እንደሰማ ሰው የተሰበሰበ።
ደነገጥኩ። ተናደድኩም ማለት ይቻላል።
የማውቀው ልጅ ሞተብኝ፣ ገና ያልተወለደው፤
መርዶውን ለማን ነው የምነግረው?
እሱም አፌን ያያል፣ ዝም ብሎ ያኝካል፤
እኔንስ እንዴት አድርጎ ሠርቶኝ እንደነበር ማን ያውቃል።

«ምነው?» አለ፣ ጉንጩ በዳቦ ተነፍቶ።
«ምንም። እስቲ አንዴ መልሰህ ልበሰው።»
ሳቀ። ለበሰው።
ግራ ቅንድቡ ተነሣ።
«እ» አልኩ፣ «አንተው ነህ።»

ኖኤሊያ በሩን ከፍታ ጮኸች፤ ሰልፉ መንገድ ደርሷል።
የዳቦዬ ግማሽ ሣጥኑ ላይ ቀርቷል።