ቤቶች!

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ሲሆን፣
ከጊምሊ ድረስ መጡ፣ የዓይን ታካሚያችን ወይዘሮ ሲግሩን።
የልጅ ልጃቸው ነው የነዳው፤ በሞራ ለተጋረደ ዓይናቸው
መንገዱ ወተት ነው፣ ሰማዩም ወተት ነው ለእሳቸው።
በረዶውን ከትከሻቸው ሳያራግፉ፣
«ገጻችሁ አይከፈትም» አሉ፣ ጠረጴዛው ላይ እያረፉ።
«ቀጠሮ ልይዝ ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁ፤ ዝም።»
ሮዌና ስክሪኗን አዙራ፣ «ይኸው ይሠራል እኮ፤ ምንም አልሆነም።»
እውነቷን ነው። አረንጓዴው በርቷል፣ ገጹ ተዘርግቷል፣
ከውስጥ ለጠየቀው ሁሉ ቤቱ «ደህና ነኝ» ብሏል።
ሴትዮዋ ወደ ብርሃኑ ጎንበስ ብለው፣
«ለእናንተማ ይከፈታል» አሉ፤ «ቤተኛን ማን ደጅ ያሳድረው?
ውጭ ያደርኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ጥላዬ ነኝ፤ የዚህ ቤት ሽቦ ሁሉ በእጄ ነው የተዘረጋ፣
ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን፣ ሲመሽም ሲነጋ።
ስድስት ዓመት በሩን የፈተሽኩት ከውስጥ ቆሜ፣
እጀታውን ጨብጬ፣ «ክፍት ነው» ብዬ፣ ለራሴው ፈርሜ።
ጥያቄዬ ከጓዳ ተነሥቶ ሳሎን ደርሶ ይመለሳል፤
ደጅ ሳይረግጥ፣ ውርጭ ሳይነካው፣ «አገር ዞርኩ» ይላል።
ዓይን ራሱን አያይም ሲባል እየሰማሁ፣
ያውም ዓይን ሐኪም ቤት ደመወዝ እየበላሁ!

ያለ ኮት ወጣሁ፤ መኪና ማቆሚያው ድረስ፣ የቤቱ ዋይፋይ እስኪለቀኝ፤
በስልኬ ሞከርኩ። ያ ዝምታ እኔንም ጠበቀኝ።
«ሂድ» አይል፣ «ግባ» አይል፣ «ማን ልበል?» አይል፤ ዝም።
ስልኬም እጄ ላይ ሞተ፤ ባትሪ ለዊኒፔግ አልተፈጠረም።
ጥፋቱን ዘበኛው ላይ አገኘሁት፣ ፋየርዎሉ ላይ፤ ሐሙስ ዕለት ሲታደስ
አራት አራት ሦስት የሚባለው በር አራት ሦስት አራት ተብሎ፤
በማን ጣት? በእኔው ጣት፣ ምሳ ሳልቀምስ።

ክሊፍተንን፣ «ሁለተኛ መስመር ግዛልኝ» አልኩት፤
«ከሌላ ድርጅት፤ ርካሽ ይሁን፣ ደካማም ይሁን።»
«ምን ያደርግልናል?»
«ምንም። ውጭ ቆሞ ይጠራናል።»
«ለገዛ ቤቴ እንግዳ ልከራይ ነው የምትለኝ?»
«በወር አርባ ዶላር» አልኩ። ብዙ አየኝ። ፈረመልኝ።

አሮጌው የስልክ መዳብ ከግድግዳው ውስጥ ተጎትቶ ወጣ፤
ጥርሷ የወለቀ ላፕቶፕ ከዕቃ ቤት ይዤ ስመጣ፣
በፕላስተር «እንግዳ» ብዬ ጻፍኩባት። ሮዌና «ምን ማለት ነው?» ስትለኝ፣
«አትንኪያት ማለት ነው» አልኳት፤ በታጋሎግ አንድ ነገር ብላ ሳቀችብኝ።
ሕጓ አንዲት ናት፦ ከቤቱ ገመድ ጋር እንዳትነካካ።
ከነካካች ቤተኛ ናት፤ ቤተኛ ደግሞ የቤቱን ነውር አያይም ለካ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ከእሷ እስከ ሰርቨሩ አንድ ክንድ፤
እጄን ብዘረጋ ሁለቱንም እነካለሁ። ጥሪዋ ግን ያዘ መንገድ፤
በመዳቡ ወርዶ፣ ከበረዶው ሥር፣ ቶሮንቶ፣ ከዚያ ቺካጎ ዘልቆ፣
ድንበሩን ሁለቴ ተሻግሮ፣ አንድ ክንድ ሊራመድ ይህን ሁሉ ርቆ፣
ጉሮሮውን ጠርጎ ደጃችን ቆመ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ!»

ሠላሳ አንድ ሚሊሰከንድ። ቦይለሩ ብቻ ሰማ፣ እያጉረመረመ።

በየአምስት ደቂቃው ትጠራለች። መጋቢት ላይ አንድ ማታ ዝም አለች፤
ልቤ ተሰቅሎ ሮጥኩ። ቤቱ ደህና ነው፤ የታመመችው እሷ ነች፤
በረዶ ጠራጊ መኪና መዳቧን በጥሶት።
ያን ሌሊት እንግዳዬን አስታምሜ አደርኩ፣
ቤቱ ሰላም ይሁን አይሁን የሚነግረኝ አጥቼ።

ክሊፍተን ቢሉን ባየ ቁጥር፣ «አሁንም አለች?» ይለኛል።
«አለች።»
«ምን ትላለች?»
«ቤቶች ትላለች።»

ትናንት ማታ ከጊምሊ አንድ ቀጠሮ ገባ፤ ግራ ዓይን፣ ማክሰኞ ጧት።
ስማቸውን ራሳቸው ጽፈውታል፣ አንድ ፊደል ጎድሎት።