ቤት ወይስ መኪና

ያረጀ ቅጥቅጥ ነው ቤታችን፣ ባለ ስድስት ጎማ፤
ሚዛን እንጠግናለን፣ ከተማ ለከተማ።
ከመሪው ጀርባ አልጋ፣ ካልጋው ግርጌ ምድጃ፣
ከዚያ ሥር የጋዝ ሲሊንደር፣
በሰንሰለት የታሰረ እንደ ክፉ ውሻ፤
ጠባችን በሱ ነው፣ ከጣርማ በር ዋሻ።

ጥበቃው ጥላዬ፣ ጉም ያረጠበው ጢሙን እየጠረገ፣
በመስኮታችን አሸተተ፤ ደብተሩን ፈለገ።
«ጋዝ ይዞ ዋሻ የለም። መኪና ቢሆን ይለፍ፤
ቤት ከሆነ ግን…» አላበቃም።
«እሺ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ተመለስን።
የደብረ ብርሃን ሌሊት ጣት ያደነዝዛል፤ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበን፣
ባምናው ካላንደር ጀርባ መንገድ ስንፈልግ አደርን።
ዘነቡ ባቄላ ደረደረች፦ ይቺ አንኮበር፣ ያቺ አልዩ አምባ፣
ይቺ ነቀዝ የበላት እኛ።
በዚህ ቁልቁለት፣ ፍሬናችን ከታመነ፤
በዚያ ወንዝ፣ ክረምቱ ካልገባ።
ዋሻው ያንድ ሲጋራ ዕድሜ ነው፤ ዙሪያው ሁለት ቀን ሙሉ።
ነዳጁን ደመርኩ፤ ለጎማ፣ ለዘይት ጨመርኩ፤
ሸዋ ሮቢት ለሚጠብቁኝ ሦስት ሚዛኖች ብዬ
ስንት እንደምከፍል ቆጠርኩ።
የሰው ሚዛን ሳቃና ኖሬ የራሴው አጋደለ።
ዘነቡ አንኮበርን አንስታ ቆረጠመች፤
«ይኼ መንገድ ጥሬ ነው፤ ሌላ የለም?» አለች።

ጠዋት፣ ከዋሻው ወዲህ፣ ጎሚስታው እንግዳወርቅ
ሲሊንደሩን ካሮጌ ጎማ መሀል ወሸቀልን፤
«እስክትመለሱ ሻይ አፈላበታለሁ፣ የማደሪያው ነው» በሳቅ።
ጥላዬ ገብቶ ዞረ፤ ምድጃውን በመዳፉ ዳሰሰ፤
መቀዝቀዙን አረጋግጦ
«መኪና» ብሎ ጻፈ፣ አራት ነጥብም አሳረፈ።

ጨለማው ውስጥ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ መብራታችን ቢጫ፤
ሰንሰለቱ ከኋላችን ተንቋቋ፣ ውሻው ቀርቶበት፣ ለብቻ።
አንድም ቃል አልተነፈስንም።

ወዲያ ማዶ፣ ቁልቁል፣ ደብረ ሲና ከጉሙ ሥር፤
ወጥ ያልተጣደበት የምሳ ሰዓት።
ዘነቡ የተሸረፈ ገል ይዛ ወረደች፣
የማናውቃትን ሴት በር መታች፦
«እሳት ልጭር ነበር።»
ሴትዮዋ በበሩ ስንጥቅ አየቻት፦
«የማን ቤት ነሽ፣ የኔ እናት?»
ዘነቡ ዞረች፤
ሞተሩ ገና የሚንተከተከውን፣ ጭቃ የለበሰውን ቅጥቅጥ
በገሏ ጠቆመች፦
«የዚያ ቤት።»