ተራው የታቬት ነው

ማሪካ፣ አልሸጠውም፣ ያን አሮጌ ኮምፒዩተር፤
የሁለት ሰው መንግሥት አለበት፣ ሁለት ጦር፣ አንድ ባሕር።
አባትሽ ሲጫወት እኔ ኩሽና እገባለሁ፣
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ድንች እልጣለሁ፤
ሲጨርስ ያፏጫል። ደግሞ እሱ ይነሣል፣
ጀርባውን ሰጥቶኝ የዓሣ ቅርፊት ይፍቃል።
አልተሰራረቅንም። አርባ ዓመት በትዳር፣ ሃያውን በጦርነት፣
አንዱ የሌላውን ካርታ ሳያይ፣ በዚሁ በቪርትሱ ቤት።

ጭጋጉ፣ ረስተሽው እንደሆን፣ ሦስት መልክ አለው፦
ጥቁሩ፣ እግር ያልረገጠው፣ ስም ያልወጣለት ነው፤
ብርሃኑ፣ ወታደርሽ በቆመበት ዙሪያ
ሁለት እርምጃ ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ
ግራጫው አለ። እሱን ነው የምፈራው፣
አይተሽ ያለፍሽውን ልክ በዚያች ቀን መልኩ የሚያኖረው።
ከተማው ነድዶ ቢያልቅ እንኳ ጭሱን አያሳይሽም፤
ጣራው እንዳለ፣ በሩም እንዳለ። ሞቷል ብሎ አይነግርሽም።

አባትሽ ሠላሳ ዓመት ከዚህ ወደ ኩይቫስቱ ጀልባ ነዳ፤
ጭጋግ ባሕሩን ሲውጠው፣ የለመደው መንገድ ሲሆንበት እንግዳ፣
በየሁለት ደቂቃው ጥሩምባ እየነፋ፣ ዓይኑ ራዳሩ ላይ።
«ጭጋግ አይዋሽም» ይለኝ ነበር፤ «አላሳይም ይላል፣ አያሳይም፣ አለቀ።
ሰው የሚሰምጠው ‹ትናንት ባዶ ነበር› ባለው ቦታ ላይ።»

የመጨረሻው ጦርነት የተጀመረው በበረዶ መግቢያ ነበር፤
ፓርኑ ያለው ቀጭኑ ሐኪም፣ ኮሪደር ላይ፣ ለኔ ብቻ ሲናገር።
«የሳንባ ብርድ ነው» አልሁት ለአባትሽ፣ «ይለቅሃል»፤
በዚያው ማታ ከተማዬን በድንጋይ ግንብ አጠርሁት። ሰው የሚፈራለትን ያጥራል።
ከዚያ ወዲያ አልወጋሁትም። ወደቡ ባዶ፣ በሩ ክፍት፣
ሦስት መርከብ ይበቃኝ ነበር፤ ዐሥር ተራ አዝኜ ተውሁት።
ኮምፒዩተሩ ሆዱ ላይ፣ ድመቷ እግሩ ሥር፣ እያሰበ ይቆያል፤
እኔ ኩሽና ነኝ፤ ድንቹ አልቋል፣ ሽንኩርቱም አልቋል፣
ፉጨቱ ግን ቀረ።
አምቡላንሱ ሲሄድ ክዳኑን ሳላይ ዘጋሁት። ተራው የሱ ነበረ።

ዐሥራ አንድ ወር። ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ነው፤ ሙሁ ደሴት የለችም፤
ጀልባው ጥሩምባ ይነፋል፣ ራሱ ግን አይታይም።
ከፈትሁት። «ተራው የታቬት ነው። ታቬት ነህ?» ሲል ጠየቀ።
በስድሳ ስምንት ዓመቴ «አዎ» ብዬ ለማሽን ዋሸሁ። ጥቁሩ ተሰነጠቀ።

ምን አየሁ መሰለሽ? ከሰሜኑ በሬ ሦስት እርምጃ ርቆ፣
ባዶ ነው ባልሁት ጫካ፣ በግራጫዬ ውስጥ ተደብቆ፣
ዐሥራ አራት መድፍ! አፈሙዙ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ።
እኔ ሾርባ በማንኪያ ስሰጠው፣ ትራሱን ሳገላብጥለት፣ እያዘንሁ፣
እሱ ከተማዬን ሊበላ! ሳቅሁ፣ ማሪካ፤ ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅሁ።

ደግሞ አየሁ፦ በሱ ካርታ ላይ የኔ ከተማ ግንብ የለውም።
የእንጨት አጥር፣ ሁለት ቀስተኛ፣ ያልታጨደ ገብስ፤
እንዳየኝ ቀን ተስዬ ቀርቻለሁ። ግንቡን አላየውም።
ወይስ ዐውቆ ዝም አለኝ? የሐኪሙንስ ነገር?
ብዙ ፈለግሁ፤ ያ በማንኛችንም ካርታ ላይ አልተጻፈም።

ከምሥራቅ ጥግ፣ ጥቁሩ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ፈረሰኛ ቆማለች ብቻዋን፤
«ማሪካ» ብሎ ሰይሟታል። የትም አላዘዛትም፤ ብርሃኗን
እያየ ሊያሸልብ ፈልጎ ይሆናል። አላውቅም።

እጄ «ተራ ጨርስ» የሚለው ላይ ደርሶ ነበር። መለስሁት።
መድፎቹን ባርቃቸው ማን ያየኛል? ባስተኩሳቸውስ፣ ግንቤ ይችላቸው ይሆናል፤
ግን ተራው የኔ አይደለም። ማየቴም ስርቆት ነው፣ ያውም በሃያ ዓመት አንዴ።

እንደበራ ትቼው ኩሽና ገባሁ፤
ጀርባዬን ሰጥቼ ድንች መላጥ ጀመርሁ።
ጥሩምባው በየሁለት ደቂቃው ይጮኻል።
አልዞርም።
ሲጨርስ ያፏጫል።